ጾም የማይችለው ፕሪንተር፦ ያገለገለ ኤፕሰን ኤል805 ከስምንት ወር በኋላ

ደብረ ብርሃን ላይ ፎቶ ቤት ያለው ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በሠርግ ነው። ጥር ላይ እንቅልፍ የለም፤ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ሙሽራ አይታይም። እኛ ይህን ለምደነዋል። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ የገዛሁት ያገለገለ ኤፕሰን ኤል805 ግን አልለመደውም። ቀለም የሚረጭ ማሽን ሥራ ሲፈታ አፉ ይደርቃል፤ ስገዛውም ሆነ ከገዛሁት በኋላ ያስቸገረኝ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ማሽኑ ስድስት ቀለም አለው፦ ጥቁር፣ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ፈዛዛ ሲያንና ፈዛዛ ማጀንታ። ለእያንዳንዱ ቀለም 90 ቀዳዳ ስላለው በድምሩ 540 ይሆናል፤ ሁሉም ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ከቀለሙ ውስጥ ውኃው ሲተን የቀረው እንደ ሙጫ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። አንዳንድ ፕሪንተሮች ላይ «ሄድ» የሚባለው ቀዳዳዎቹ ያሉበት ክፍል ከካርትሪጁ (ከቀለም መያዣው) ጋር ስለሚመጣ አዲስ ካርትሪጅ ስትገዙ አዲስ ሄድ አገኛችሁ ማለት ነው። እዚህ ግን ሄዱ የማሽኑ አካል ነው። ስለዚህ ያገለገለ ኤል805 የሚገዛ ሰው በእውነቱ የሚገዛው ሄዱን ነው፤ የቀረው ፕላስቲክ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ ነበር። ሻጩ ገና ከበር ስገባ የኖዝል መፈተሻ ወረቀት፣ ማለትም እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ አጭር መስመር የሚያትምበትን፣ ዘረጋልኝ፤ አንድም መስመር አልጎደለም። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ግን ከመንገዴ በፊት አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር፦ «ልጄ፣ ስትደርስ ተዘጋጅቶ የጠበቀህን ማሽን አትመን። ያደረውን እይ።» ስለዚህ ከወረቀቱ ይልቅ የቀለም ታንኮቹን ማየት ጀመርኩ። ከአሮጌው የቀለም መስመር በታች በስድስቱም ታንክ ላይ ገና ያልደረቀ አዲስ እርጥበት ይታያል። ማሽኑ የራሱን ሄድ እንዲያጸዳ ሲታዘዝ ከስድስቱም ታንክ ቀለም ይሳባል፤ ሰውየው ጠዋቱን ሙሉ ሲያጸዳ እንደዋለ ገባኝ። ከቤት ባመጣሁት ወረቀት ላይ ሙሉ ገጽ ፈዛዛ ማጀንታ እንዲያትምልኝ ለመንኩት። ከላይ ጥሩ ጀመረ፤ ሲሦው ላይ ሲደርስ እየሳሳ ሄዶ ከታች ነጭ ሆነ። «ወንድሜ፣ ወረቀትህ ነው» አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ይህን ነገር ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። መፈተሻ ወረቀቱ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ የሚጠይቀው ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። በሄዱ ውስጥ የቀረው ቀለም ለዚያ ይበቃል። ሙሉ ገጽ ሲታተም ግን ቀለሙ ከታንኩ በቱቦ፣ ከቱቦው በዳምፐር (ከሄዱ በላይ ባለችው ትንሽ የቀለም ማረፊያ) አልፎ ሳይቋረጥ መምጣት አለበት። አንዱ ጋ አየር ከገባ ወይም ከጠበበ፣ ወረቀቱ ሲጀምር ያማረው ሲጨርስ ይከዳል። መፈተሻው ንጹሕ ሆኖ ገጹ ከሳሳ ችግሩ ከሄዱ በላይ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛዋ ሻጭ ፎቶ ቤታቸውን ሊዘጉ የነበሩ እናት ናቸው። በዋዜማው ደውዬ «እትዬ፣ እባክዎን ከአሁን ጀምሮ እንዳይነኩት፤ ነገ እኔ ስመጣ ይብራ» አልኳቸው። «ምነው ልጄ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምታየው?» ብለው ሳቁ። እንዳሉትም አልነኩትም። በማግስቱ የወረቀት ቁልፉን ተጭኜ እንደያዝኩ ማሽኑን አበራሁት፤ ኮምፒውተር ሳያስፈልግ መፈተሻውን አወጣ። ከቢጫው ስድስት፣ ከፈዛዛው ሲያን ሁለት መስመር ጎደለ። ይህን በማየቴ ተደሰትኩ ብል ታምኑኛላችሁ? ቢያንስ የሚታየው እውነተኛው መልኩ ነው።

ቢጫው በነጭ ወረቀት ላይ ለዓይን አይያዝም። መጋረጃውን ዘግቼ፣ የስልኬን ስክሪን ሙሉ ሰማያዊ አድርጌ አበራሁበት፤ ያን ጊዜ የቢጫው መስመሮች ጠቁረው ወጡ፤ ክፍተቱም ተቆጠረ። ከዚያ አንድ ጽዳት አድርጌ እንደገና አተምኩ። ወሳኙ የክፍተቱ ቁጥር ሳይሆን ጠባዩ ነው። እየቀነሰ ከሄደ የደረቀ ቀለም ነው፤ ይለቃል። ክፍተቱ በየጊዜው ቦታ ከቀየረ አየር ነው። አንድ ቀለም ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ከጽዳት በኋላም ቅንጣት ካልተለወጠ ወይ ክፉኛ ተደፍኗል፣ ወይ ሄዱ በኤሌክትሪክ ሞቷል፤ ሁለቱንም ለሻጩ መተው ይሻላል። የእኔው የፈዛዛ ሲያኑን ሁለት መልሶ፣ ቢጫው ላይ አራት ቀረ። ሁለተኛ ጽዳት አላደረግኩለትም። አራቱም እዚያው ስለሆኑ ጠባያቸውን አውቄያለሁ።

ለስድስቱም ቀለም አንዳንድ ሙሉ ገጽ ካተምኩ በኋላ የመጨረሻው ፈተና እናቴ ነጭ ነጠላ አጣፍታ የተነሣችው ፎቶ ነበር። የነጠላ ጥላ የሚሠራው በፈዛዛዎቹ ሁለት ቀለሞች ነው፤ አንዱ ከጎደለ ነጠላው ወይ ወደ አረንጓዴ ወይ ወደ ሮዝ ያደላል፣ ፊቱም የታመመ ሰው ፊት ይመስላል። እናቴ ደኅና ወጣች። ከአዲሱ ዋጋ ከግማሽ በታች ከፍዬ፣ ታንኩ እንዳያጋድል በጭኔ አቅፌ 130 ኪሎ ሜትር ተጓዝኩ።

የረሳሁት ነገር አለ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። በጽዳት የሚወጣው ቀለም ማሽኑ ሆድ ውስጥ ወዳለ ስፖንጅ ይፈስሳል፤ ማሽኑም ይቆጥረዋል። ቁጥሩ ሲሞላ ማተም ያቆማል። እትዬን ስፖንጁ ተቀይሮ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ጥር ላይ የሁለት ሠርግ አልበም እጄ ላይ እያለ መብራቶቹ እየተፈራረቁ ብልጭ ማለት ጀመሩ። ባለሙያ ስፖንጁን ቀይሮ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ እስኪመልስ ሁለት ቀን አለፈ። ሙሽራዋ እስካሁን ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው።

ስለ ቅዝቃዜ ከተነሣ፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ነፋስ ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ልጅ ነኝና ማሽኑን ማታ ማታ በሱፍ ብርድ ልብስ ማልበስ ጀመርኩ። ሞኝነት ነበር። የሱፉ ብናኝ ገብቶ ሄዱ ላይ ተጣበቀና ቀለሙን እየጎተተ የሙሽሮቹን ፊት በጥቁር ጭረት አዥጎረጎረው። አሁን የሚለብሰው ንጹሕ ፕላስቲክ ነው።

ወደ ሁዳዴ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መንዝ ቤተሰብ ጋ ከረምኩ፤ ስመለስ ከፈዛዛው ማጀንታ አሥራ አንድ መስመር ጠፍቶ ጠበቀኝ። ሁለት ጊዜ አጸዳሁ፤ ግማሹ ተመለሰ። ደጋግሞ ማጽዳት ቀለም ማባከንና ስፖንጅ መሙላት መሆኑን በጥር ተምሬያለሁና አጥፍቼው አሳደርኩት። የቆመው ቀለም የደረቀውን በሌሊት ያርሰዋል፤ ጠዋት አንድ ጽዳት ጨመርኩና ሁሉም መጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ኖረም አልኖረም በየሦስት ቀኑ ስድስቱም ቀለም ያለበት ጣት የሚያህል ቁራጭ አትማለሁ። ለዚህ የሚወጣው ቀለም ከአንድ ጽዳት ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሄዱ በመንገድ ላይ ይቀራል፤ ወደ ቦታው ተመልሶ ክዳኑ ላይ ካልተቀመጠ ሌሊቱን አፉን ከፍቶ ያድራል። መብራት በመጣ ቁጥር፣ ሌሊትም ቢሆን፣ አብርቼ በራሱ ቁልፍ አጠፋዋለሁ። ከግድግዳው መንቀል ክልክል ነው። ባለቤቴ ከልጆቹ ይልቅ እሱን ታስተኛለህ ትለኛለች።

ሌላው በአጭሩ፦ ዋይፋዩ አንዳንዴ ይጠፋበታል፤ በገመድ ነው የምጠቀመው። ፍጥነቱ ለጉርድ ፎቶ ይበቃል፤ ለአልበም ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለ 70 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ፈዛዛዎቹ ሁለቱ ግን ከሌሎቹ ቀድመው ያልቃሉ። ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ የሰቀልኳቸው ፎቶዎች ደብዝዘዋል፤ አልበም ውስጥ ያሉት እንዳሉ ናቸው።

ቢጫው ላይ ያሉት አራት ክፍተቶች ዛሬም እዚያው ናቸው፤ በፎቶ ላይ አይታዩም። ሰኔ ነው፤ ፍልሰታ ሲገባ 15 ቀን ወደ ደብረ ሲና እወርዳለሁ። የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ለእህቴ ልጅ እተውለታለሁ፤ በየሦስት ቀኑ ምን ማተም እንዳለበት ጽፌ ማሽኑ ክዳን ላይ ለጥፌለታለሁ።