ዳታዬን ማን እንደሚጨርሰው ላሳየችኝ የኮምፒውተር ባለሙያ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ወር በፊት ነው። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ትናንት ማታ ልጄ ላፕቶፑን ዘግታ "አባዬ፣ የዚህ ወር አፕዴት ተጭኗል፣ ዳታችንም አልተነካም" አለችኝ። ከዚህ በላይ መቆየት ነውር ሆነብኝ።

የትርጉም ሥራ ነው የምሠራው። ሰነድ በኢሜይል ይመጣልኛል፣ ተርጉሜ እመልሳለሁ። ቤት ውስጥ የተዘረጋ የኢንተርኔት መስመር የለንም። የስልኬን ሆትስፖት ከፍቼ ላፕቶፑን ከሱ ጋር አገናኛለሁ፣ ልጄም በዚያው ትማራለች። ለወር ብዬ የገዛሁት ጥቅል በአራት ቀን፣ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት ያልቅ ነበር። ማታ ሞልቶ ያደረ ዳታ ጠዋት ባዶ ሆኖ ይጠብቀኛል። ደንበኛ ሰነዱን እየጠበቀ እኔ መላክ አልችልም።

መፍትሔ ፍለጋ ያልዞርኩበት የለም። የማንንም ስም አላነሳም። የደረሰብኝን ግን ልናገር።

የመጀመሪያው ባለሙያ "ችግሩ አፕዴት ነው" አለና ኮምፒውተሩ ራሱን ለማደስ የሚያወርደውን ሙሉ በሙሉ ዘጋልኝ። እውነትም ዳታው ተረፈ። እጁን ይባረክ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁለት። ከስምንት ወር በኋላ አንድ ሰው በፍላሽ ሰነድ ሰጠኝ። ለካ ቫይረስ ኖሮበታል፤ ስሰካው ፎልደሮቼ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተቀየሩ። አንዱን ስነካ ሌላው ይበላሻል።

ሁለተኛው ዘንድ ወሰድኩት። "ነገ ና" አለኝ። በነጋታው ስሄድ ፎርማት አድርጎ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ አስረከበኝ። ባክአፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ ያስቀመጥከው ቅጂ አለህ ወይ ብሎ እንኳን አልጠየቀኝም። ለሦስት ዓመት ቃል በቃል የሰበሰብኩት የቃላት መዝገቤ እዚያ ውስጥ ነበር። ስጠይቀው "ቫይረስ እኮ ነበረበት" አለና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። እስከዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። በዚያ ላይ የጫነልኝ የቆየ ዊንዶውስ ኖሮ ያመለጠውን ሁሉ ለማውረድ ሌት ተቀን ይታገል ጀመር። ሦስተኛው ጋ ስሄድ "ይሄ አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ" ብሎ ሳይከፍተው መለሰልኝ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ቤቴ ውስጥ የሆነው ነው። ዳታው ሲያልቅ ልጄን ነበር የምጠረጥረው። ቪዲዮ እያየች ነው ብዬ ደመደምኩ። "አላየሁም አባዬ" ስትለኝ አላመንኳትም። ስልኳን ቀማኋት። አንድ ማታ ክፉኛ ተቆጣኋትና እያለቀሰች ተኛች። ይህን ስጽፍ አሁንም ደረቴን ይከብደኛል።

ይህቺን ባለሙያ የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቤት ድረስ መጣች። ዕድሜዋ ልጄን ትንሽ ቢበልጥ ነው። እውነት ለመናገር ሳያት ተስፋ ቆርጬ ነበር። ላፕቶፑን አቀረብኩላት። እሷ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው፤ "ጋሼ፣ ኢንተርኔት የሚያገኙት በምንድን ነው?" አለችኝ። ከስልኬ ነው አልኳት። "በቃ፣ ገባኝ" አለች። ከሦስቱ አንዳቸውም ይህን አልጠየቁኝም!

ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ እያንዳንዱ ፕሮግራም በአንድ ወር ውስጥ ስንት ዳታ እንደተጠቀመ የሚያሳይ ገጽ ከፈተች። እንዲህ ያለ ገጽ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ከላይ የተቀመጠው ራሱ ሲስተሙ ነበር፣ በብዙ ጊጋባይት። ልጄ የምትጠቀምበት ብሮውዘር ታች ነው ያለው፣ ከሱ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ዝም አልኩ። ልጄ በር ላይ ቆማ ነበር። ምን ሰምታ እንደመጣች አላውቅም፣ ምናልባት ፊታችንን አይታ ገምታ ይሆናል። ባለሙያዋ ስክሪኑን ወደሷ አዞረችና "ነይ እህቴ፣ አንቺም እይው። አንቺ አይደለሽም" አለቻት። ልጄ ጠጋ ብላ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እዚያው ይቅርታ ጠየቅኳት።

ለዚህች ለአንዲት ደቂቃ ብቻ ብዬ ዕድሜ ልኬን ባመሰግናት አይበዛም።

ምክንያቱን ያስረዳችኝ እንዲህ ብላ ነው። ላፕቶፑ የስልኬን ሆትስፖት የሚያየው እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ነው። ዋይፋይ ከሆነ ደግሞ ያልተገደበ ነው ብሎ ያስባል፣ እንደ ልቡ ያወርዳል። እኔ ግን እያንዳንዷን ሜጋባይት ከፍዬባታለሁ። "ስለዚህ መስመሩ የሚለካ መሆኑን እንንገረው" አለችና ከሆትስፖቴ ስም ሥር "ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አስበራችኝ። አስበራችኝ ያልኩት በምክንያት ነው። ማውዙን አልነካችም። እያንዳንዱን ነገር በራሴ እጅ አስነክታኛለች። ስሳሳት "ይመለሱ ጋሼ፣ ምንም አይሆንም፣ እንደገና" ትለኛለች። አንዴም አልተቻኮለችም።

ይህ ለዚያ ሆትስፖት ብቻ እንደሚሠራም አስጠንቅቃኛለች። ስልክ ከቀየሩ ወይም የሆትስፖቱን ስም ከለወጡ እንደ አዲስ ማብራት አለብዎት አለችኝ። ላፕቶፔ ያወረደውን አፕዴት በኢንተርኔት ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያካፍልበት ነገርም በርቶ አግኝታ አጠፋችው። አሠራሩ ብዙም አልገባኝም። ሳላውቀው ዳታዬን ለማላውቀው ሰው ስሰጥ እንደነበር ግን ገብቶኛል።

እኔ በዚህ ተደስቼ "እንግዲያው አፕዴቱን ለዘለዓለም እንዝጋው" አልኳት። እምቢ አለች። እዚህ ላይ ጠንካራ ናት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ስላመሰው ዋናክራይ ስለተባለው ቫይረስ ነገረችኝ። ወደ 150 አገሮች ደርሷል፣ በብሪታንያ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደርሰዋል። ቫይረሱ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ግን ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች ወጥቶ ነበር። የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። "የእርስዎን በር ክፍት ትቼ አልሄድም ጋሼ" አለችኝ። የመጀመሪያው ባለሙያ ከዚህ ውስጥ አንዲቱን ቃል ቢነግረኝ ምናለበት!

ታዲያ በጥቂት ዳታ እንዴት ይሆናል? የተጠራቀመውን አንድ በአንድ ማውረድ አያስፈልግም አለችኝ። የዊንዶውስ ወርሃዊ አፕዴት ያለፉትንም ጠቅልሎ ይይዛል፣ የመጨረሻውን መጫን ይበቃል። የዊንዶውስ ሠሪ ማይክሮሶፍት አፕዴቶቹን በፋይል መልክ የሚያስቀምጥበት፣ ካታሎግ የተባለ የራሱ ድረ ገጽም አለው። በማግስቱ ለኔ ዊንዶውስ ዓይነት የሚሆነውን ትክክለኛ ፋይል ከሥራ ቦታዋ አውርዳ በፍላሽ ይዛልኝ መጣች። ፍላሹን ከመስጠቷ በፊት በአንቲቫይረስ አስፈተሸችው። ያ የሾርትከት ጉድ ስለደረሰብኝ እንደምፈራ አስታውሳ ነው። ለዚህ ሁለተኛ ጉዞዋ ክፍያ አልተቀበለችኝም። "ሥራው እኮ አላለቀም ነበር" ነው ያለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው የልጄ ሆኗል። ባለሙያዋ ናት ለሷ ያስረከበቻት፣ ሆን ብላ ይመስለኛል። ማይክሮሶፍት የደህንነት አፕዴቱን የሚያወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው። ልጄ ጥቂት ቀን ትጠብቅና ቅዳሜ ነጻ ዋይፋይ ያለበት ቤተ መጻሕፍት ላፕቶፑን ይዛ ትሄዳለች። እዚያ አውርዳ፣ ጭና፣ ሪስታርት አድርጋ ትመለሳለች። መሄድ ካልቻለች ደግሞ አፕዴቱን እስከ 35 ቀን ማቆየት የሚቻልበት ቦታ አለ፣ እሱን ታውቀዋለች። በስልኮቻችንም ላይ ፕሌይ ስቶር አፖችን በራሱ እንዳያድስ አድርጋዋለች። የሚያስፈልጉንን መርጠን እናድሳለን፣ የባንኩን አፕ መጀመሪያ። ለወር የገዛሁት ጥቅል አሁን ወሩን ይዘልቃል።

የቃላት መዝገቤ አልተመለሰም። እሷም ሞክራ ነበር፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት ደክማበታለች። "አልሆነልኝም ጋሼ፣ ይቅርታ" ያለችኝ እሷ ናት፣ ያጠፋው ሌላ ሆኖ ሳለ። አዲሱን መዝገብ ከባዶ ጀምሬያለሁ። በየሳምንቱ በሁለት ቦታ አስቀምጠዋለሁ፣ ይህንንም ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ ወደሷ ሂዱ። በሆትስፖት የምትሠሩ፣ ዳታችሁ ሳታውቁት የሚያልቅባችሁ፣ "አዲስ ግዛ" የተባላችሁ ሁሉ ሂዱ። ወላጆች በተለይ፣ ልጆቻችሁን ከመቆጣታችሁ በፊት ያንን ገጽ አስከፍታችሁ እዩት። እንዲህ ያለች ሰው ሥራ አጥታ መዋል የለባትም። ደግሜ እላለሁ፣ ትዕግሥቷም ሙያዋም የሚያስመሰግን ነው።

ስሟንና ስልኳን እዚህ ያላስቀመጥኩት ራሷ ስላልፈለገች ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ላፕቶፑን ብቻ ሳይሆን ሆትስፖት የምትከፍቱበትን ስልክም ይዛችሁ ሂዱ። ማን ላካችሁ ካለቻችሁ "ይቅርታ የጠየቀው አባት" በሏት፣ ታውቀኛለች።