ከቆመችበት አልነቃነቅ ያለችውን የሳር ማጠጫ ማሽናችንን ለጠገኑልን አባት የቀረበ ምስጋና

በዴንቨርና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ግቢ ሳር የምታጠጣውን ማሽን ጠግነው ላስረከቡን አባት በግቢው ተንከባካቢዎች ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ተመሳሳይ ችግር ላለባችሁም እሳቸውን ልጠቁማችሁ እወዳለሁ።

ማሽኗ በትንሽ ትራክተር ቅርጽ የተሠራች፣ በሳሩ ላይ የተዘረጋውን የውሃ ቱቦ እንደ ሐዲድ እየተከተለች ራሷ እየሄደች የምትረጭ የብረት ስፕሪንክለር ናት። ዘንድሮ ክንዶቿ ውሃውን እየረጩ በደንብ ቢሽከረከሩም፣ እሷ ከቆመችበት ፈቀቅ አልል አለች። በዴንቨር በሰመር ወራት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ሳር ማጠጣት ስለማይፈቀድ በማለዳ ከፍተናት እንሄድና ስንመለስ አንዱ ጥግ ረግረግ ሆኖ፣ ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር የሚቀመጡበት ሜዳ ደግሞ ደርቆ እናገኘው ነበር። የጠየቅነው አንድ ሱቅም ጥለን አዲስ እንድንገዛ መከረን።

እኚህ አባት ግን ካቻቢቴ ከማንሣታቸው በፊት ግቢው ድረስ መጥተው ስትሠራ ሊያይዋት ፈለጉ። ማርሹ ፎሌ ላይ አለመሆኑን አረጋግጠው፣ በጡብ ላይ አስቀምጠው ውሃ ሲለቁባት የኋላ ጎማዎቿ ዞሩ፤ ሳሩ ላይ ሲያወርዷት ግን ጎማዎቹ ቆሙና ከውስጧ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። «ጭነት ሲመጣባት ነው የሚያዳልጣት፤ ጥርሱ አልቋል» አሉን። ሲከፍቷትም የክንዶቹን ፈጣን ዙር አዘግይተው ወደ ጎማዎቹ ከሚያደርሱት ጊሮች የአንዱ ጥርስ ተበልቶ፣ ግሪሱም ደርቆ እንደ ሰም ሆኖ ተገኘ።

ጊሩን ለውጠው ብቻ ቢመልሱልን እንኳ አመሰግናቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ጥርሱን ምን እንደበላው ሳያውቁ ሊያስረክቡን አልፈለጉም። ለካ አምና ውሃው እንዲበዛልን ብለን ቱቦውን በባለ 3/4 ኢንች ለውጠነው ኖሯል። እንዲህ ያለ 30 ሜትር ቱቦ ሲሞላ ከ8 ኪሎ በላይ ውሃ ይይዛል፤ ባለ 5/8 ኢንቹ ግን 6 ኪሎ ያህል ነው የሚይዘው፤ ማሽኗም ይህን ክብደት ከኋላዋ እየጎተተች ነው የምትሄደው። ቀጭኑን ቱቦ እንድንመልስና ስንዘረጋው መታጠፊያውን ሰፋ እንድናደርገው አሳዩን፤ ውሃው በሚገባበት በኩል ያለችውን ትንሽ ወንፊትም አውጥተው አጠቡልን።

ዋጋውን አስቀድመው ነግረውን በተናገሩት ብቻ ተቀበሉን፤ የተበላውን ጊር በወረቀት ጠቅልለው መለሱልን፤ ግቢ ድረስ ለመጡበት ያስከፈሉን ምንም የለም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የሳር ማጨጃም ይጠግናሉ። ብቻቸውን ስለሚሠሩ ግን ሰመር ከገባ ወረፋው ይረዝማል፤ ስለዚህ ዕቃችሁን በሚያዝያ ብታደርሱ ይሻላል። አድራሻቸውን ለምትፈልጉ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ።