ስምንት ወር በአንድ የእግር ጉዞ ጫማ

ይህን ጫማ ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ቢያንስ 4 ኪሎ ሜትር ስለምሄድበት እስካሁን 700 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዣለሁ። በዚህ ሁሉ መንገድ እግሬ ውሃ የቋጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት በነበረኝ ጫማ ግን ተረከዜ ሳይላጥ ያለፈበት ሳምንት ትዝ አይለኝም።

ያ ጫማ ቁጥር 41 ነበር። ስለካው ጣቶቼን ቢጫነኝም ሻጩ «ሲለመድ ይሰፋል» ሲለኝ አመንኩት። ቆዳው በጎን በኩል ጥቂት ለቀቀ፤ ርዝመቱ ግን እንደነበረ ቀረ። ጫማ በመለመድ አይረዝምም። ለዚህ ትምህርት ሁለት የእግር ጥፍር ከፍያለሁ።

እግር ውሃ የሚቋጥረው ጫማው ቆዳውን ከላይ ስለሚፍቀው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ከዚያ ጠለቅ ይላል። ቆዳው ከካልሲው ጋር ተጣብቆ ባለበት ሲቆም፣ ውስጥ ያለው አጥንት በየእርምጃው ወዲያና ወዲህ ይላል። በመካከል ያለው የቆዳ ንጣፍ እየተጎተተ ይላቀቅና ክፍተቱን ፈሳሽ ይሞላዋል። ላብ ሲጨመርበት ቆዳው ይበልጥ ይጣበቃል። ስለዚህ አሁን ጫማ ስመርጥ ልስላሴውን አልጠይቅም፤ እግሬ ውስጡ ይንሸራተታል ወይስ አይንሸራተትም የሚለውን ነው የማየው።

ይህኛውን የለካሁት ከሰዓት በኋላ፣ እግሬ ውሎ አብጦ ሳለ ነው፤ ያደረግሁትም የምሄድበትን ካልሲ ነበር። ሶሌታውን አውጥቼ ቆምኩበት፤ እግሬ በጎን ካልተረፈ ስፋቱ ይበቃል ማለት ነው። የግራ እግሬ ከቀኙ ይበልጣል፤ ሁለተኛው ጣቴም ከአውራ ጣቴ ይረዝማል። በዚያ ረጅም ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ እንዲቀር ፈለግሁ፤ ቁልቁለት ሲወረድ እግር ወደፊት ይገፋልና። ቁጥር 42 ሆነ። በአውሮፓ አቆጣጠር አንዱ ቁጥር ከሌላው የሚለየው 7 ሚሊ ሜትር በማይሞላ ርዝመት ነው፤ ጥፍሮቼን ያተረፈልኝ ግን ያ ነው።

ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የቀኝ ተረከዜ ከፍ ዝቅ እያለ አስቸገረኝ። ልመልሰው አስቤ ነበር። መፍትሔ የሆነኝ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው፣ ብዙ ሰው ባዶ የሚተወው የመጨረሻው የክር ቀዳዳ ነው። ክሩን ሳላሻግር እዚያው በኩል ባለው ቀዳዳ አስገባና ትንሽ ቀለበት አስቀራለሁ። ከዚያ የግራውን ክር በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሾልኬ ስስብ ተረከዜ ወደ ኋላ ተጠግቶ ይቀመጣል። መንሸራተቱ በዚያው ቀን ቆመ። አብሮት የመጣው ክር ለዚህ አጭር ስለሆነ ግን ረዘም ያለ ለመግዛት ተገድጃለሁ።

ውሃ የቋጠርኩበት ቀን የጥጥ ካልሲ አድርጌ ዝናብ መታኝ። ጥጥ እርጥበትን ይዞ ያቆያል። ተረከዜ ላይ ሙቀት ሲሰማኝ ቆሜ ፕላስተር መለጠፍ ነበረብኝ፤ ትንሽ ነው የቀረኝ ብዬ ቀጠልኩ። ያበጠውን ሳላፈርጥ ሸፍኜው በራሱ ዳነ። ከዚያ ወዲህ የሱፍ ካልሲ ብቻ ነው የማደርገው።

ቅሬታም አለኝ። ጫማው የተሠራበት ወንፊት መሰል ጨርቅ እግርን ያናፍሳል፤ አቧራም ያስገባል። በስድስተኛው ወር ሶሌታው ከተረከዝ ሥር ተጨፍልቆ አለቀ። በወፍራም ስተካው እግሬ ወደ ላይ ከፍ አለና መንሸራተቱ ተመለሰ፤ እንደ ቀድሞው ቀጭን የሆነውን እስካገኝ ብዙ ደክሜአለሁ።

አሁን የውጩ ሶል በተረከዙ ጠርዝ እየተበላ ስለሆነ ሌላ መግዛቴ አይቀርም። ይህንኑ ዓይነት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ስም ያለው ጫማ ቅርጹ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ሊለወጥ ስለሚችል በቁጥሩ ብቻ አልተማመንም። አሮጌውን ሶሌታ ይዤ ሄጄ ከአዲሱ ጋር አስተያየዋለሁ።