መርፌ «ጧ» አይልም

ይህን የምጽፈው በቀኝ ጎኔ ብቻ ተኝቼ ነው። ግራ ጆሮዬ በፋሻ ተጠቅልሏል። ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ጌጡን ከጆሮዬ ያወጣው በማደንዘዣ ነው። «አወለቀ» አላልኩም፤ «አወጣ» ነው ያልኩት። የኋላው ማያዣ እብጠቱ ውስጥ ሰጥሞ ቆዳ ሊገጥምበት ምንም አልቀረውም ነበር። ከተበሳሁ ገና ዘጠኝ ቀኔ ነው።

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከበረደልኝ «አይ፣ የእኔም ጥፋት አለበት» ማለት እጀምራለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

የበሳኝን ቤት ስም አልጠራም። መጥራትም አያስፈልግም፤ ዓይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነጭ ግድግዳ፣ ጥቁር ጓንት፣ በፍሬም የተሰቀለ ሰርተፍኬት፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ እንደ አልማዝ የተደረደረ ጌጥ። ገና ከበር «ማሬ» የምትል ተቀባይ። ማንም አንብቦት የማያውቅ የሚፈረም ወረቀት። መጨረሻ ላይ «ፎቶ እንነሳ?»። በዚያ ሁሉ ጽዳት መሐል ማን ይጠረጥራል?

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን እያወቅኩ መሸወዴ ነው። ባላውቅ ኖሮ «አላወቅኩም» ብዬ እተኛ ነበር። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳነብ ነበር የከረምኩት። ላስበሳ የፈለግኩት የጆሮዬን የላይኛውን ጠርዝ ነው፤ ሄሊክስ የሚሉትን። ቦታው ካርቲሌጅ ነው፤ ልም አጥንት የሚሉት። እንደ ታችኛው የጆሮ ክፍል ለስላሳ ሥጋ አይደለም። የራሱ የደም ሥር እንኳ የለውም፤ የሚመገበው ከላዩ ከለበሰው ስስ ሽፋን ነው። ለዚህ ነው ቀስ ብሎ የሚድነው። የታችኛው ጆሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲበቃው ይኼኛው ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈልጋል።

በሽጉጥ እንደማይበሳም አውቅ ነበር። ሽጉጥ የምለው ያንን በስፕሪንግ የሚሠራውን፣ ጌጡን ራሱን በጉልበት ጆሮ ውስጥ የሚሰካውን ነገር ነው። የመብሻ (ፒርሲንግ) መርፌ ስለታም ነው፤ ውስጡም ክፍት ነው። ለጌጡ መንገድ ቆርጦለት ያልፋል። የሽጉጡ ጌጥ ግን ዱልዱም ነው። አይቆርጥም፣ ደርምሶ ይገባል። ለስላሳው ሥጋ ይችለው ይሆናል፤ ካርቲሌጅ ሊሰነጠቅ ይችላል። ደግሞ አብዛኛው ሽጉጥ ፕላስቲክ ስላለበት ኦቶክሌቭ ውስጥ፣ ዕቃን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን ውስጥ፣ አይገባም። የ121 ዲግሪ እንፋሎቱን አይችለውማ። በአልኮል ጠረግ ጠረግ ተደርጎ ወደ ቀጣዩ ሰው ጆሮ ይዞራል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። እንግዲህ ጠረጋው ምን ያህል እንደሚያስተማምን እናንተው ፍረዱ።

ይህን ሁሉ ይዤ ሄድኩ። ሸምድጄ።

ከፊቴ ሁለት ሰዎች ተራ ይዘዋል። አንዷ እምብርቷን ልትበሳ፣ አንዱ ምላሱን። ተቀባይዋ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር አለች፤ «6 ሳምንት ነው ማሬ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ትቀያይራላችሁ»። እምብርት በ6 ሳምንት! እምብርት እኮ በተቀመጥን ቁጥር የሚታጠፍ፣ ቀበቶና ሱሪ የሚፈትገው ቦታ ነው። ግማሽ ዓመት ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም፤ ዓመት የሚፈጅበትም ብዙ ነው። ለልጅቷ ያወጡላት ደግሞ ቀለበት ነበር። ልብስ በጎተተው ቁጥር ቁስሉ ውስጥ የሚዞር ቀለበት። የሚያስፈልጋት ጎበጥ ያለ ዘንግ ነበር።

ምላስ እንኳ ፈጣን ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃዋል። ግን መጀመሪያ ክፉኛ ስለሚያብጥ ረጅም ዘንግ ይገባለትና እብጠቱ ሲጎድል በአጭር ይቀየራል። ረጅሙ ከቆየ ጥርስ ይሸርፋል፣ ድድ ያቆስላል። ለልጁ ይህን የነገረው የለም።

እኔ ምን አደረግኩ? በልቤ ሳቅኩ። «ምስኪኖች፣ ሳያነቡ መጥተው» አልኩ። ለልጅቷ ጠጋ ብዬ «እህቴ፣ ቀለበቱ ይቅርብሽ» ማለት ምን ይከብዳል? አላልኩም። ተራዬ ሲደርስ ዕውቀቴን ላሳይ ነበር የቸኮልኩት።

አሳየሁም። «በመርፌ ይበሳልኝ፤ ጌጡ ውፍረቱ 1.2 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሚሊሜትር፣ ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ቲታኒየም» ብዬ እንደ ፈተና መልስ ዘረገፍኩት። «ኤኤስቲኤም ኤፍ 136 ነው አይደል?» ብዬም ጨመርኩ። ሰውነት ውስጥ ለሚቀበሩ የሕክምና ዕቃዎች የሚውለው የቲታኒየም ደረጃ ነው። ተቀባይዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «አዎ ማሬ፣ ሁሉም እሱ ነው» አለችኝ።

ሁሉም እሱ ነው! እዚያው ላይ ቦርሳዬን አንስቼ መውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ከፈልኩ። ያውም ውዱን።

አሁን ወንበሩ ላይ ነኝ። የሚበሳኝ ሰው፣ ፒርሰሩ፣ እጁን ታጠበ። ጓንት አጠለቀ። የታሸገ መርፌ አነሳና ዓይኔ ሥር አምጥቶ «አዲስ ነው፣ አየሽ?» አለኝ። አየሁ። ማሸጊያው ላይ ያለችው ምልክት ቀለሟ ተቀይሯል፤ ኦቶክሌቭ ማለፉን የምትናገረው ምልክት ናት። እሷንም አውቃታለሁ። ደስ አለኝ። ቀደደውና መርፌውን ሳህን ላይ አስቀመጠ። ጆሮዬ ላይ በእስክሪፕቶ ነጥብ አደረገ። መስታወት ሰጠኝ። ቦታውን ወደድኩት። ከዚያ መስታወቱን ከእጄ ወሰደና «ወደ ግድግዳው ዙሪልኝ፣ ዓይንሽን ጨፈን አድርጊና በረጅሙ ተንፍሺ» አለኝ።

ዞርኩ። ጨፈንኩ። መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ሲገጥም እንደሚለው። «መርፌው ሳህኑ ላይ አይደል እንዴ? መሳቢያው ለምንድን ነው?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አባረርኩት። ጆሮዬን የሆነ ነገር ከፊትና ከኋላ ቆንጠጥ አድርጎ ያዘው።

ጧ!

መርፌ «ጧ» አይልም። መርፌ ስፕሪንግ የለውም። ካርቲሌጅ ሲያልፍ ቢበዛ ቀጭን ድምፅ ትሰሙ ይሆናል እንጂ እንዲህ አይተኮስም። ይኼ የስቴፕለር ድምፅ ነበር። ወረቀት እንደሚያያዝ ነው ያያዘኝ። ዓይኔን ገለጥኩ። መሳቢያው ተዘግቷል። መርፌው ሳህኑ ላይ ነው። እንደነበረ። ጫፉ ላይ የለበሳት ትንሿ ቆብ እንኳ አልወለቀችም።

አየኋት። ቆቧን እያየሁ ነው እንግዲህ፣ ልብ በሉልኝ።

«ድምፁ ምንድን ነው?» አልኩት፤ እንደ ተማሪ፣ በቀስታ።

«አዲሱ ሲስተም ነው፣ መርፌው በስፕሪንግ ነው የሚገባው» አለኝ።

ሳህኑ በመካከላችን ነው። መርፌው ሳህኑ ላይ ነው። እሱም ያየዋል፣ እኔም አየዋለሁ። ሰው እንዲህ ዓይን ለዓይን እየተያየ ሲዋሽ አይቼ አላውቅም። ደግሞ አላፈረም። ያፈርኩት እኔ ነኝ! እንደ ጨቃጫቃ ደንበኛ እንዳልታይ ፈራሁ። ከዚያ መስታወቱን መለሰልኝ። ከፊት የምትታየው ብልጭ የምትል ትንሽ ኳስ የመረጥኳትን ትመስላለች። ጀርባውን እንዴት ብዬ ልይ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። ተረቱ ስለ ሐሜት ነበር፤ እኔ ላይ ቃል በቃል ሠራ።

«አመሰግናለሁ» አልኩት። አዎ፣ አመሰገንኩት። ፎቶ ተነሳሁ። ሳልወጣ በስልኬ አምስት ኮከብ ሰጠሁ፤ «በጣም ንጹሕ፣ ባለሙያ» ብዬ ጽፌ። ይህን ስጽፍ ራሱ ፊቴ ይቃጠላል።

ማታ ጣቴን ወደ ኋላ ሰደድኩ። ጠፍጣፋ ሳንቲም የመሰለ ጀርባ ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት ቢራቢሮ ነው፤ ያ ሁለት ጆሮ ያለው ጥምዝምዝ ማያዣ። ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ጠፍጣፋው ጌጥ ሽጉጥ ላይ አይገጥምማ። ስለዚህ መርፌው ብቻ አይደለም የተቀየረው። የከፈልኩበት ጌጥም ከሳጥኑ አልወጣም። ይኼኛው ዘንጉ ለታችኛው ጆሮ የተለካ አጭር ነው፤ ቁስሉ ሲያብጥ መፈናፈኛ የለውም። ቢራቢሮው ደግሞ ከቁስል የሚወጣውን ፈሳሽና ቆሻሻ እጥፋቱ ውስጥ ያጠራቅማል።

ደወልኩ። «እሱ ለጊዜው ነው ማሬ፣ 6 ሳምንት ሲሞላሽ ያንቺን እንገጥምልሻለን» አለችኝ። ምክርም ጨመረችልኝ፤ በቀን ሦስቴ አዙሪው፣ አልኮል ቀቢው። ማዞር የያዘውን ቁስል እንደገና መቅደድ ነው። አልኮል ገና የሚበቅለውን ቆዳ ያቃጥላል። ለቁስሉ የሚያስፈልገው ከፋርማሲ የሚገዛው ንጹሕ የጨው ውሃ ነው፤ ጨዉ 0.9 በመቶ የሆነው። ከዚያ ውጭ አለመነካካት። እኔ ያንን አደረግኩ። ግን ሌላ ባለሙያ ጋ ሄጄ ጌጡን ማስቀየር ሲገባኝ «ነገ እሄዳለሁ» አልኩ። አምስት ቀን «ነገ» አልኩ።

በስድስተኛው ቀን የጆሮዬ ግማሽ ቲማቲም መሰለ። ይግላል፣ ይወጋል። በስምንተኛው ቢራቢሮው ጠፋ። ወድቆ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ የካርቲሌጁን ሽፋን ይዞታል አለኝ፤ ፔሪኮንድራይተስ ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ብዙው የተለመደ አንቲባዮቲክ አያሸንፈውም። መግል ሽፋኑን ከካርቲሌጁ ከለየው ካርቲሌጁ ምግብ አጥቶ ይሞታል፤ ጆሮም ይጨማደዳል። «ሁለት ቀን ብትቆዪ ኖሮ…» አለኝና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ተወው። ባይጀምረው ይሻል ነበር።

ያወጣውን ጌጥ በትንሽ ዕቃ ሰጠኝ። ብርማው ቅብ ተልጧል። ሥሩ ቢጫ ነው፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ። ቲታኒየም ውስጡም ውጭውም ግራጫ ነው፤ አረንጓዴ ዝገት አያውቅም። እንዲህ የሚሆነው መዳብ ያለበት ብረት ነው።

ፋሻዬን እንዳደረግኩ ቀጥታ እዚያው ቤት ሄድኩ። ተቀባይዋ አየችኝና መጀመሪያ የተናገረችው «ተኝተሽበት ነው አይደል?» ነበር። ቀጥሎ «የቆዳሽ ችግር ነው፣ ሌላ ሰው እንዲህ ሆኖ አያውቅም»። ቀጥሎ ወረቀቱን አወጣች። «ለሚከሰት ኢንፌክሽን ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። ሥሩ ላይ ፊርማዬ አለ፤ ደግሞ እንዴት አምሮበታል! አረንጓዴውን ጌጥ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። «ብረት ብረት ነው ማሬ» አለች።

እሺ፣ የከፈልኩበትን ቲታኒየም ስጡኝ አልኩ። «ሰውነት የነካ ጌጥ አይመለስም» አለችኝ።

እኔን ነክቶኝ የማያውቅ ጌጥ!

ድምፄን ከፍ ሳደርግ ፒርሰሩ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለ። ጓንት አድርጓል። አየኝ፣ ፋሻዬን አየ፣ ፈገግ አለ። «ሌላኛውን ጆሮሽን በነፃ ልሥራልሽ?» አለኝ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሳቀች። እኔም በወረፋው እንዲሁ ስቄ ነበርና ልቆጣት አልቻልኩም።

ምክር ካላችሁኝ፦ ዓይናችሁን አትጨፍኑ። መርፌው ከሳህኑ ሲነሳ እዩ። ጌጡ ሳይገባ ጀርባውን አሳዩኝ በሉ፤ የቲታኒየሙን የደረጃ ወረቀትም ጠይቁ። «ሰርጂካል ስቲል» የሚለውን የብረት ስም ብቻ ሰምታችሁ አትመኑ፤ ኒኬል አለበት፤ የኒኬል አለርጂ አንዴ ከያዘ ደግሞ አይለቅም። ካመረቀዘባችሁ ጌጡን ራሳችሁ አታውልቁ፤ ቀዳዳው መግሉን ይዞ ሊገጥም ይችላል። ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ያውም «ነገ» ሳትሉ።

አምስቱን ኮከብ አጥፍቻለሁ። ፎቶዬን ግን ማጥፋት አልቻልኩም፤ የለጠፉት እነሱ ናቸው። «ደስተኛ ደንበኛችን» ብለው ከላይ አስቀምጠውታል። ግራ ጆሮዋ ቀልቶ ጥርሷን የምታሳየዋን ልጅ ካያችኋት፣ እኔ ነኝ።