ሁለት ኢንተርኔት አዋህዶ ጌም እንዳይቋረጥ ያደርጋል የሚባለውን ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት

በቤታችሁ የፋይበር መስመርም የ4ጂ ራውተርም ያላችሁ፣ በኦንላይን ጌም የምትጫወቱ ወይም የሚጫወት ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ወደ ሱቅ አትሂዱ። እኔ 21,000 ብር ከፍዬ ያወቅሁትን እናንተ በነጻ እወቁት።

ታናሽ ወንድሜ በፕሌይስቴሽን የእግር ኳስ ጌም ይጫወታል። በግጥሚያው መሃል መስመር ከተቋረጠ፣ እየመራ እንኳ ቢሆን፣ ሽንፈቱ በእርሱ ላይ ይመዘገባል። ሳምንቱን ሙሉ የለቀመውን ነጥብ ቅዳሜ ማታ ሲያጣ ማየት አንጀት ይበላል። መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሁለት መስመር የሚቀበል ራውተር አሳየን። ሻጩ «20 ሜጋው ፋይበርና 10 ሜጋው 4ጂ ተደምረው 30 ይሆናሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል፤ ጌሙ ንቅንቅ አይልም» አለን። ለዕቃው 18,000፣ ለመግጠሚያው 3,000 ብር ተስማማን።

ያሳመነን ወሬው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ያሳመነን ማሳያው ነው። ቤት መጥቶ ከገጠመው በኋላ መጀመሪያ የፍጥነት መለኪያ ከፈተ፤ 28 ሜጋ አነበበ። ቀጥሎ ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ከፍቶ የፋይበሩን ገመድ ነቀለው፤ ቪዲዮው አልቆመም። በዓይኔ ያየሁትን ምን ብዬ ልጠራጠር? ከፈልሁ።

ያየነው ሁሉ እውነት ነበር፤ ስለ ጌም ግን ምንም አይናገርም። የፍጥነት መለኪያው በአንድ ጊዜ ብዙ ግንኙነቶችን ይከፍታል። ራውተሩ ገሚሱን በፋይበር፣ ገሚሱን በ4ጂ ስለሚልከው ድምሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ግጥሚያው ግን ከሰርቨሩ (ጌሙን ከሚያስተናግደው ሩቅ ያለ ኮምፒውተር) ጋር የሚነጋገረው በአንድ ግንኙነት ነው፤ ያም ግንኙነት በአንዱ መስመር ብቻ ይሄዳል። ሌላኛው 10 ሜጋ ለእርሱ የለም። ዩቲዩብም ወደፊት የሚያሳየውን አስቀድሞ አውርዶ ያጠራቅማል። ገመዱ ሲነቀል ያጠራቀመውን እያሳየ፣ እስከዚያው በሌላው መስመር አዲስ ግንኙነት ይከፍታል። ጌም የሚያጠራቅመው ነገር የለውም፤ ተጋጣሚው በሚቀጥለው ሰከንድ ምን እንደሚያደርግ ገና አልታወቀምና። በዚያ ላይ ሁለቱ መስመሮች የየራሳቸው የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ የሚታወቁበት ቁጥር፣ አላቸው። ፋይበሩ ሲጠፋ ሰርቨሩ ሲያነጋግረው የነበረው አድራሻ ይጠፋል፤ ከ4ጂው የሚመጣው ለእርሱ እንግዳ ነው። ስለዚህ ግጥሚያው እንደ ድሮው ይቋረጣል።

በእኛ ቤት እንዲያውም ባሰበት። ራውተሩ ጌሙን በፈለገው ጊዜ በ4ጂው ስለሚልከው፣ በፋይበር 130 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ የነበረው ፒንግ (መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ) ከ200 ያልፍ ጀመር። የባንክ ገጽም ከፍተን ሥራችንን ሳንጨርስ ያስወጣን ነበር፤ አድራሻው መሃል ላይ ሲቀየር ባንኩ ይጠራጠራል። «ፒንጉ ይቀንሳል» የሚለውንም አትመኑ። የምንጫወትባቸው ሰርቨሮች አብዛኞቹ አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ናቸው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ደግሞ በቀጥታ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊወርድ አይችልም። መስመር ስለተደመረ መንገዱ አያጥርም።

ሁለት መስመርን በእውነት ማዋሃድ ይቻላል። ነገር ግን ከሁለቱም መንገድ የሚመጣውን ተቀብሎ በአንድ አድራሻ ወደ ጌሙ የሚያስተላልፍ ሌላ ሰርቨር ከወዲያ በኩል መኖር አለበት። ስፒዲፋይን የመሰሉ አገልግሎቶች የሚሠሩት እንዲህ ነው። ክፍያው ይቀጥላል፤ አንዱን መልእክት በሁለቱም መስመር እንዲልክ ካደረጋችሁት የ4ጂው ጥቅል ቶሎ ያልቃል፤ ሰርቨሩ ከመንገድ ውጪ ከሆነም ፒንጉ ይጨምራል። ቤታችሁ የተቀመጠ ሳጥን ብቻውን ይህን አያደርግም።

በጣም ያንገበገበኝ ገንዘቤን ለማስመለስ ስሄድ የሆነው ነው። በሦስተኛው ቀን ደውዬ ስነግረው «እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ጠብቅ» አለኝ። ራውተር የሚለምደው ነገር የለም። አምኜ ጠበቅሁ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለማስለወጥ ወይም ገንዘብ ለማስመለስ የሚሰጠው ጊዜ ከግዢው ቀን ጀምሮ 15 ቀን ነው። በ17ኛው ቀን ስቀርብ «ዕቃው አልተበላሸም፤ ጊዜውም አልፏል» ተባልሁ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ራውተር» የሚል አንድ ቃል ነው፤ ስለ ጌም የተገባልኝ ቃል የትም የለም።

ስለዚህ የግድ የምትገዙ ከሆነ «ጌም አይቋረጥም» የሚለውን ደረሰኙ ላይ አጽፉት። ከመክፈላችሁ በፊት ግጥሚያ ጀምሩና በመሃሉ ገመዱን ራሳችሁ ንቀሉት። የፍጥነት መለኪያው መተግበሪያም በአንድ ግንኙነት ብቻ እንዲለካ የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ በእርሱ ይለካላችሁ። ያን ጊዜ ድምሩ አይታይም።

ከሁሉ በፊት ግን ችግሩ የት እንዳለ እዩ። ከኮምፒውተር ወደ ራሳችሁ ራውተር ፒንግ አድርጉ። ቁጥሩ እዚያው ቤት ውስጥ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። የእኛ ሁለት ግድግዳ ያልፍ ነበር፤ 15 ሜትር ገመድ ስንዘረጋ አብዛኛው መንገጫገጭ ጠፋ። ፋይበሩን ለጌሙ ብቻ ትተን ስልኮቹንና ቴሌቪዥኑን ወደ 4ጂው ራውተር አዞርናቸው፤ ለዚህ ምንም አልከፈልንም። መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪም ገዛን። መብራት ከጠፋ ሁለቱም ራውተሮች እኩል ይጠፋሉና፣ ያ የ18,000 ብር ዕቃ ለዚህም መልስ አልነበረውም።

ዕቃው አሁን ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ሊገዛው መጥቶ ነበር። ለምን እንደፈለገው ስጠይቀው ለጌም መሆኑን ነገረኝ። አልሸጥሁለትም፤ የገመዱን ርዝመት ነግሬ ሸኘሁት።