«ቢ» እና «ቤ»ን ለመለየት ስንት ፒክሰል ይበቃል? የዴል 27 ኢንች 4ኬ ሞኒተር ያዋጣል ወይ?

አንድ ገጽ አማርኛ በ10 ነጥብ ፊደል ጽፈው፣ በየቢሮው በሚገኘው ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ላይ ይክፈቱት። ሳያጎሉ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ ያንብቡት። «ቢ» ከ«ቤ»፣ «ሊ» ከ«ሌ»፣ «ሚ» ከ«ሜ» የሚለዩት በቅርጻቸው ሳይሆን በዐረፍተ ነገሩ ስሜት መሆኑን ያስተውላሉ። የሣልሱ እግርና የኃምሱ ቀለበት ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ነጠብጣብ ሆነዋል። ለአንባቢ ችግር የለውም፣ አእምሮው ይሞላዋል። አራሚ ግን ወይ ያጎላል፣ ወይ ይገምታል፤ የሚገምት አራሚ ደግሞ ስሕተት ያሳልፋል። 4ኬ ሞኒተር፣ ማለትም በጣም ብዙ ፒክሰል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ያለው፣ ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ዊንዶውስ በ100 ፐርሰንት፣ ማለትም ጽሑፉን ሳያሳድግ፣ ሲሠራ አንድ ኢንች 96 ፒክሰል ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ባለ 10 ነጥብ ፊደል የሚያገኘው ቁመት 13 ፒክሰል ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ከላይና ከታች ለመስመር ክፍተት የሚቀረው ሲቀነስ፣ ለቀለበቱ ሁለት ወይም ሦስት ፒክሰል ይደርሰዋል። ቀለበት ቀለበት ለመምሰል ግን ግራ ጠርዝ፣ መሐሉ ላይ ነጭ፣ ቀኝ ጠርዝ፣ ማለትም ቢያንስ ሦስት ፒክሰል በሦስት ያስፈልገዋል። በ4ኬ ላይ በ150 ፐርሰንት ያው ፊደል 20 ፒክሰል ያገኛል፣ ቀለበቱም ይከፈታል።

ላቲን ለሚጽፍ ሰው ችግሩ የሚቀልለው ክሊርታይፕ ስላለ ነው። ክሊርታይፕ የእያንዳንዱን ፒክሰል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍል ለየብቻ እየተጠቀመ ፊደሉን ወደ ጎን ያጠራዋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ይህ ዘዴ የሚጨምረው ነገር የለም። የእኛ ፊደል ደግሞ ትልቁ ልዩነቱ ያለው ከላይና ከታች ነው፦ «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ሰ» እና «ሸ» የሚለያዩት አናታቸው ላይ በተጨመረች አግዳሚ መስመር ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የሞኒተር ግምገማዎች «ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም» ሲሉ ለራሳቸው ፊደል እውነት ነው፤ ለእኛ ግን እንዳለ መውሰድ አይቻልም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ባለ 24 ኢንች 1920 በ1080 ሞኒተር በአንድ ኢንች 92 ፒክሰል ገደማ አለው። 27 ኢንች ላይ ያው 1080 ሲዘረጋ ወደ 82 ይወርዳል። ባለ 27 ኢንች 2560 በ1440 (ብዙዎች ኪውኤችዲ የሚሉት) 109 ነው። ባለ 27 ኢንች 4ኬ፣ ማለትም 3840 በ2160፣ 163 ይደርሳል። ጤነኛ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያይበት ወሰን ከዲግሪ አንድ ስድሳኛ ገደማ መሆኑን ይዘን ስናሰላ፣ የ24 ኢንቹ 1080 ፒክሰል ከዓይን የሚሰወረው 95 ሳንቲሜትር አካባቢ ሲርቁ ነው፤ የ27 ኢንቹ 1440 በ80፣ የ4ኬው በ53። ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ከ55 እስከ 70 ሳንቲሜትር ባለው ርቀት ነው። 4ኬ በዚህ ርቀት ፒክሰሉን ይደብቃል፣ ሌሎቹ አይደብቁም። ሞኒተርዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከአንድ ሜትር በላይ የሚርቅ ከሆነ ግን ለ4ኬ የሚጨምሩት ገንዘብ የሚታይ ለውጥ አይሰጥዎትም።

ሻጮች የሚናገሩት «በ4ኬ አራት እጥፍ ቦታ ያገኛሉ» የሚለው ቃል ብዙ ገዢ አሳስቷል። የፒክሰሉ ብዛት ከ1080 አራት እጥፍ መሆኑ እውነት ነው፣ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ27 ኢንች ላይ በ100 ፐርሰንት ከተጠቀሙበት ግን ባለ 12 ነጥብ ፊደል ከነክፍተቱ ቁመቱ 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል፤ በ24 ኢንቹ ላይ 4.4 ነበር። ማንም እንዲህ ቀኑን ሙሉ አያነብም። ስለዚህ ስኬሊንጉን (ዊንዶውስ ጽሑፉን የሚያሳድግበትን መጠን) 150 ፐርሰንት ያደርጉታል፤ ያኔ የሚያገኙት የሥራ ቦታ ከ2560 በ1440 ሞኒተር ጋር ፍጹም እኩል ነው። ለ4ኬ የሚከፈለው ለጥራት እንጂ ለስፋት አይደለም። ኤክሴል ላይ ብዙ ረድፍ ማየት የሚፈልግ የሒሳብ ሠራተኛ ባለ 1440ውን ገዝቶ የቀረውን ገንዘብ ኪሱ ያስቀምጥ።

ይህን ሁሉ ይዘን የምንመዝነው ዴል ዩ2723ኪውኢን ነው። በፈረንጆቹ 2022 የወጣ፣ ለቢሮ ሥራ የተሠራ ሞኒተር ነው። ፓነሉ አይፒኤስ ብላክ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የጥቁርና የነጭ ልዩነቱ 2000 ለ1 ነው፣ የተለመደው አይፒኤስ 1000 ለ1 አካባቢ ነው። ጥቁር ጽሑፍ በነጭ ገጽ ላይ ሲያነቡ ይህ ብዙም አይታወቅም፤ ማታ መብራት ቀንሰው በጥቁር ገጽ ሲሠሩ ግን ጥቁሩ ግራጫ አይመስልም። ብርሃኑ 400 ኒት ነው፣ መስኮት አጠገብ ለተቀመጠ ሰውም ይበቃል። ፍጥነቱ 60 ኸርዝ ነው፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል። ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይዞራል፣ ስክሪኑ በቁመቱ ቆሞም ይነበባል፤ አንድ ሙሉ ኤ4 ገጽ በቁመቱ እያዩ ማረም ለለመደው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ድምፅ ማጉያ የለውም። ይህን ሳያውቁ የሚገዙ ብዙ ናቸው።

ትልቁ ጥቅሙ የዩኤስቢ ሲ ገመዱ ነው፦ በአንድ ገመድ ምስሉን ይቀበላል፣ ላፕቶፑን እስከ 90 ዋት ቻርጅ ያደርጋል፣ ከጀርባው የተሰካውን ኪቦርድ፣ ማውስና የኔትወርክ ገመድም ያገናኛል። ዩፒኤስ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ያ 90 ዋት ሞኒተሩ ራሱ በሚወስደው ላይ እንደሚጨመር አይርሱ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ባላሰቡት ፍጥነት የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው ቻርጁን ከዩፒኤሱ ውጭ ካለ ሶኬት ማድረግ ይሻላል።

ብዙ ሰው 4ኬ ገዝቶ የሚማረረው ኬብል ላይ ነው። ምልክቱ አንድ ነው፦ የማውሱ ቀስት እየተንቀጠቀጠ ይጎተታል። ያ ማለት ስክሪኑ በ60 ፈንታ በ30 ኸርዝ እየሠራ ነው። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ውስጥ ገብተው ሪፍሬሽ ሬቱን ይመልከቱ። ኤችዲኤምአይ የሚባለው የምስል መሰኪያ፣ 1.4 የሆነው ዓይነት፣ 4ኬን ከ30 ኸርዝ በላይ አያሳልፍም፤ 60 ለማግኘት ኮምፒውተሩም ሞኒተሩም ኤችዲኤምአይ 2.0 መሆን፣ ኬብሉም «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚል ምልክት ያለው መሆን አለበት። ዲስፕሌይፖርት የሚባለው ሌላው መሰኪያ ከ1.2 ጀምሮ 60ውን ያለ ችግር ያሳልፋል።

በየቢሮው ያሉት ያገለገሉ ዴስክቶፖች እዚህ ላይ ያስገርማሉ። ለምሳሌ የዴሉ ኦፕቲፕሌክስ 7050 ኤችዲኤምአዩ 1.4 ነው፣ ጎኑ ያሉት ሁለቱ ዲስፕሌይፖርቶች ግን 1.2 ናቸው። ያው ማሽን በአንዱ ቀዳዳ ይንቀጠቀጣል፣ በሌላው እንደ ውኃ ይፈሳል። 4ኛ ትውልድ ኢንቴልና ከዚያ በኋላ የመጡት ዴስክቶፖች፣ ዲስፕሌይፖርት ካላቸው፣ የግራፊክስ ካርድ ሳይጨመርባቸው 4ኬን በ60 ኸርዝ ለጽሑፍ ሥራ ይችላሉ። ራሙ አንድ ቁራጭ ብቻ ከሆነ ግን መስኮት ሲጎትቱ ይከብዳቸዋል፤ የውስጡ ግራፊክስ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ስለሆነ ሁለት እኩል ቁራጭ ማድረግ ይረዳል።

በዩኤስቢ ሲ የሚያገናኙ ከሆነ ደግሞ በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ «ዩኤስቢ ሲ ፕራዮሪታይዜሽን» የሚል ምርጫ አለ። «ሃይ ሪዞሉሽን» ካሉት ገመዱ በሙሉ ለምስል ይሰጣል፣ ከጀርባ የሚሰካው ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ግን ወደ ዩኤስቢ 2 ፍጥነት ይወርዳል። «ሃይ ዳታ ስፒድ» ካሉት ገመዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ላፕቶፑ ዲስፕሌይፖርት 1.4 ካለው ምንም አይጎድልበትም፣ 1.2 ከሆነ ግን ወደ 30 ኸርዝ ይመለሳል። በርካሽ የሚሸጡት የዩኤስቢ ሲ ሃቦችም (አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያበዙት) የሚያንቀጠቅጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ፕሮግራም ላይ የሚገጥመው ችግር በዕድሜ ይወሰናል። ወርድና የድረ ገጽ ማሰሻዎች በ150 ፐርሰንት ጥርት ብለው ይወጣሉ። ቆየት ያሉ ፕሮግራሞች፣ በሒሳብ ክፍሎች የሚወደደውን የድሮውን ፒችትሪን ጨምሮ፣ ስኬሊንግ የሚባለውን ሳያውቁ የተሠሩ ስለሆኑ ዊንዶውስ እንደ ፎቶ ለጥጦ ያሳያቸዋል፣ ይደበዝዛሉ። የፕሮግራሙን ምልክት በቀኝ ተጭነው ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ ውስጥ ይግቡ፤ ከታች ያለውን ሳጥን ምልክት አድርገው «ሲስተም ኢንሃንስድ» የሚለውን ይምረጡ። ለብዙዎቹ ይሠራል፤ ካልሠራ ያንኑ መልሰው ያጥፉት። 4ኬውን ከአሮጌ 1080 ሞኒተር ጎን አስቀምጦ መሥራትም ይቻላል፣ ነገር ግን መስኮት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር መጠኑ ይዘላል፤ ይህ መድኃኒት የለውም፣ ይለመዳል።

ስለ ፎንትም አንድ ቃል። ኒያላ ቀጫጭን መስመር ያለው ስለሆነ በ1080 ላይ ይሳሳል፣ በ4ኬ ላይ ግን ውበቱ ይወጣል። ዛሬ በዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ኢብሪማ ወፈር ይላል፤ አሮጌውን ሞኒተር ይዘው ለሚቆዩ ወደ እሱ መቀየርና ፊደሉን 12 ነጥብ ማድረግ ያለ ወጪ የችግሩን ግማሽ ያቃልላል። ማክ የሚጠቀሙ ይህ ማምለጫ እንኳን የላቸውም፦ አፕል ከ2018ቱ ሞሃቪ ጀምሮ ክሊርታይፕን የመሰለውን ዘዴ ስለተወው፣ በ1080ም በ1440ም ሞኒተር ላይ አማርኛው ፈዘዝ ይላል። ለእነሱ 4ኬ ቅንጦት አይደለም።

ዋጋውን ለመመዘን ከነጠላ ዋጋው ይልቅ ከ1440ው ጋር ያለውን ልዩነት ያስሉ። ልዩነቱ 15 ሺህ ብር ነው እንበል። በቀን 6 ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን፣ ለ5 ዓመት የሚሠራ ሰው 7,500 ሰዓት ያየዋል፤ በሰዓት ሁለት ብር ማለት ነው። ለአራሚ፣ ለገጽ አቀናባሪ፣ ለተርጓሚ፣ ለፎቶ ሠራተኛ አያንገበግብም። በቀን አንድ ሰዓት ኢሜይል ለሚያይ ሰው ያው ሒሳብ 12 ብር ይሆናል፤ አይግዛው። ጌም የሚጫወት ሰው የግራፊክስ ካርዱ ከ1440 ከእጥፍ የሚበልጥ ፒክሰል እንዲሥል ስለሚገደድ ቅድሚያ ለካርዱ ይስጥ። ባለ 27 ኢንች 1080 ግን በየትኛውም ዋጋ ለአማርኛ ጽሑፍ አይመከርም፤ ትልቅ ይመስላል እንጂ ከ24 ኢንቹ የባሰ ነው።

በ2025 የወጣው ተተኪው ዩ2725ኪውኢ 120 ኸርዝና ተንደርቦልት 4 (ፈጣን የገመድ ማገናኛ) ጨምሯል፣ የጥቁርና ነጩንም ልዩነት ወደ 3000 ለ1 ከፍ አድርጎታል። የፒክሰሉ ብዛት ያው ስለሆነ የ«ቤ» ቀለበት አይለወጥም፤ የቆየውን በቅናሽ ማግኘት ከተቻለ ለጽሑፍ እሱ ይሻላል።

ሱቅ ሲሄዱ በፍላሽ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛው ሊ ሌ፣ ቢ ቤ፣ ተ ቸ፣ ነ ኘ በ10 ነጥብ የተደረደሩበት ገጽ ነው። ሁለተኛው 3840 በ2160 የሆነ፣ አንድ ፒክሰል ጥቁር አንድ ፒክሰል ነጭ መስመር የተሞላ ምስል ነው፤ በ100 ፐርሰንት ሙሉ ስክሪን ላይ ይክፈቱት። ሣጥናቸው ላይ «4ኬ ይደግፋል» ተብሎ የሚሸጡ ርካሽ ሞኒተሮች 4ኬ ምልክት ተቀብለው ፓነላቸው 1080 ሆኖ ይገኛል፤ መስመሮቹ ተዋሕደው ግራጫ ወይም ማዕበል ከመሰሉ ገንዘብዎን ሳይከፍሉ ይውጡ። ከዚያ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ገጽ እየቀያየሩ የሞተ ፒክሰል ይፈልጉ። ዴል በዚህ ሞዴል ላይ አንድ የሚያበራ ፒክሰል ቢገኝ እንኳን በዋስትናው ዘመን እቀይራለሁ ይላል፣ ነገር ግን ዘመድ ከውጭ ያመጣልዎት ከሆነ ዋስትናው ባሉበት አገር መሥራት አለመሥራቱን ከመሸከሙ በፊት ይጠይቅልዎት። በመብራቱ በኩል ስጋት የለም፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ የአሜሪካውን ገመድ በተራ የኮምፒውተር ፓወር ገመድ መተካት ይበቃል።