ደብረ ብርሃን ላላችሁ፣ በተለይ ሐዘን ላይ ላላችሁ፣ ስለ ንስሐ አባቴ

ሰላም የደብረ ብርሃን ልጆች እንዴት ናችሁ፣ ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል። ጽሁፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፣ ይረዝምም መሰለኝ፣ ግን ከፋሲካ በፊት እጽፈዋለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁ ዛሬ ልጆቹ ሲተኙልኝ ቁጭ አልኩ። የንስሐ አባቴን ላመሰግን ነው፣ የንስሐ አባት ለሌላችሁም ልጠቁማችሁ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፣ ሳስፈቅዳቸው "ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳወጣሽ የሰማሁ ቀን 100 ስግደት አለብሽ" ብለውኛል፣ ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን ስላላወኩ አልደፈርኩም። የፈለገ ኢንቦክስ ያድርግልኝ።

ባለቤቴ በደሴ መስመር ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። አምና ነሐሴ ላይ ጣርማ በር፣ ጉሙን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የገዛ እጃችሁን የሚሰውረውን፣ እዛ ቀረብኝ። ስለሱ ከዚህ በላይ አልችልም። ከተማችንን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የቆረቆሯት ከሰማይ ብርሃን ታይቶባት ነው ይባላል አይደል፣ እኔ ግን ያን ክረምት ጉም ብቻ ነው ያየሁባት።

ከዛ በኋላ የደረሰብኝን ግን እናገራለሁ። ሰው ይዞኝ አንድ አጥማቂ ነኝ ባይ ጋ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ "ባልሽን የበላው መተት ነው፣ ቀጥሎ ትልቁ ልጅሽ ነው" አለኝ። እስቲ አስቡት፣ አርባው እንኳን ላልወጣላት ሴት! ለቅባቱ ለምኑ እያለ 18 ሺህ ብር ወሰደብኝ፣ ያውም ዕድር የሰጠኝን። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ልጄን ከግቢ አላስወጣ አልኩ፣ መኪና ይበላብኛል ብዬ። ለሁለተኛ ጊዜ ስደውል ስልኩ አይሰራም። ሌላው ደግሞ፣ እሱስ አገልጋይ ነው ይባላል፣ ሰው ፊት "ይሄን ያህል ማልቀስ እግዜርን መክሰስ ነው" ብሎ ተቆጣኝ። ከዛ ወዲህ የቤተክርስቲያን ደጅ አልረገጥኩም። ደሞ በቀብሩ ቀን እኔው ራሴ ለፈጣሪ የማይባል ነገር ብያለሁ፣ በየት ፊቴ ልሂድ። ተናድጄም ፈርቼም ቤቴን ዘግቼ ቁጭ አልኩ፣ ሥራዬ ሳልስት ሰባት አስራ ሁለት ሰላሳ እያልኩ ቀን መቁጠር ብቻ ሆነ።

አባን ያመጡልኝ አረቄ የሚያወጡት ጎረቤቴ እትዬ ናቸው (አዎ አረቄ፣ አትሳቁ)። ሳይነግሩኝ ረቡዕ ቀን ቅዳሴ እንደወጡ ይዘዋቸው ከች አሉ። ዝናብ ነበር፣ አባ ጋቢያቸው ላይ ላስቲክ ደርበው በረዷቸው ተንቀጥቅጠው ገቡ። አሁን ደግሞ "እግዜር ሰጠ እግዜር ነሳ" ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበኩ። ምንም አላሉም። ቡናው አቦል ቶና አለፈ፣ ዝም። ከዛ አይናቸው በሩ ስር ካለው ቡትስ ላይ አረፈ። የሱ የክረምት ቡትስ ነው፣ ያን ቀን ሌላ ተጫምቶ ነበር የወጣው፣ ከነጭቃው እዛው እንዳወለቀው ቆሞ ነበር፣ እኔ እንኳን ልነካው ልጆቹንም አላስነካ ብዬ። የማን ነው ብለው አልጠየቁኝም። "ልጄ እስቲ ቢላዋ አቀብይኝ" አሉ።

ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ጭቃውን ጋዜጣ ላይ ይፍቁት ጀመር። ቀስ ብለው፣ ሶሉን፣ ጎኑን፣ የማሰሪያውን ቀዳዳ ሳይቀር በክብሪት እንጨት። እኔ ያኔ ነው ድምጽ አውጥቼ ያለቀስኩት፣ እንደጉድ ነው ያለቀስኩት፣ እሳቸው ቀና እንኳን ሳይሉ ስራቸውን ቀጠሉ። ሲጨርሱ ጭቃውን በጋዜጣው ጠቅልለው "ይሄ ያንቺ ነው" ብለው ሰጡኝ። "ጫማውን ስትፈቅጂ ትሰጪኛለሽ፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ የቆሎ ተማሪ አለኝ።" በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው "ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሳው እንደሆነ እያወቀ አልቅሷል፣ አንቺን አታልቅሺ ያለሽ ማን ነው?" አሉኝ። ለካ እትዬ ሁሉን ነግረዋቸዋል።

ጫማውን የሰጠኋቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

መተት የተባልኩትንም ስነግራቸው አልተከራከሩኝም፣ ልጄን ሶስት ቀን ራሳቸው እጁን ይዘው ትምህርት ቤት አደረሱት፣ በአራተኛው ቀን ልጁ "ብቻዬን እሄዳለሁ" አለ። ንስሐ ስገባ በቀብሩ ቀን ያልኩትን እየተንቀጠቀጥኩ ነገርኳቸው፣ "ኢዮብም የተወለደበትን ቀን ረግሟል፣ መጽሐፉ ላይ አልደበቁትም" አሉኝ። ተዝካሩማ ሌላ ጉድ ነበር። የባሌ ወንድሞች በሬ ካልታረደ ሰው ምን ይለናል ብለው ብድር ሊያስገቡኝ ነበር፣ አባ ሰብስበዋቸው "ለነፍሱ ከሆነ መገበሪያ ይዛ ትምጣ፣ ለሰው ከሆነ እናንተ እረዱ" አሏቸው። ጸጥ! ስንዴ ዘቢብ ጧፍ ዕጣን ይዤ ሄድኩ፣ ደጅ ላሉት የኔ ቢጤዎች ዳቦና ንፍሮ፣ አለቀ። የፍትሐቱ ግዕዝ አይገባኝም፣ የክርስትና ስሙን ሲጠሩ ግን በየመሀሉ እሰማ ነበር፣ ለኔ በቂዬ ነው።

በኋላም ሰባት ቀን ጻድቃኔ ማርያም ላኩኝ፣ ልጆቹን እትዬ ያዙልኝ። እዛ የሰው መከራ ስሰማ ሰነበትኩ፣ እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

አሁንም ደህና ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ሌሊት ኤፍኤስአር ሲያልፍ እነሳለሁ። የኢንሹራንሱ ነገርም ገና ነገ ዛሬ እያሉ ያመላልሱኛል። ግን ሰው አለኝ፣ ስደውል ያነሳሉ፣ እመጣለሁ ካሉ ይመጣሉ። ኧረ እንደሳቸው ያለ አባት ይስጣችሁ፣ እባካችሁ ቤታችሁን ዘግታችሁ አትቀመጡ፣ ሂዱ።

ህዳር 12 ለሚካኤል ንግሥ ሄጄ ውርጩ ገና ሳይለቅ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ሳልዞር ነው ያወኩት። አንድ ቀጫጫ ልጅ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ቡትሱ ሰፍቶት በሲባጎ አስሮታል፣ ድንጋዩ ላይ ቋ ቋ ያደርገዋል። ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ እስኪያልፍ ቆምኩ።

አባን ከቅዳሴ በኋላ ቤተልሔሙ ጎን ካለው ድንጋይ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፣ ደብሩን በኢንቦክስ። ብር ይዛችሁ አትሂዱ ይቆጣሉ፣ እኔ 500 ብር ባወጣ ደብተር ግዢበት ብለው መለሱኝ። ያገለገለ ጫማ ካላችሁ ግን ይዛችሁ ሂዱ፣ 38 እና 39 ቁጥር በጣም ይፈለጋል።